የኤዲሰን «ሎንግ ፕሌይ» ሸክላ ድምፁ ጠፋብኝ፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ሜሪላንድ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ አንድ የኤዲሰን ሸክላ ገዛሁ። 10 ኢንች ነው፣ በጣም ወፍራም። ወረቀቱ ላይ «ሎንግ ፕሌይ» (ረጅም ጊዜ የሚጫወት) ይላል። በ78 መርፌ (በደቂቃ 78 ዙር ለሚዞሩት አሮጌ ሸክላዎች በሚሆነው ወፍራም መርፌ) ስሞክረው ይንሸራተታል። በተለመደው የሎንግ ፕሌይ መርፌ ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል ሙዚቃ ይሰማል። የሞኖ ቁልፉን (የግራና የቀኙን ድምፅ አንድ የሚያደርገውን) ስጫን ደግሞ እሱም ድርግም ይላል። የተበላሸው ሸክላው ነው ወይስ ማጫወቻዬ?

ሸክላ ሰብሳቢ፦ እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ! ብርቅ ነገር ነው እጅህ የገባው። ኤዲሰን ይህን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1926 ነው ያወጣው። ዛሬ ሁላችን የምናውቀው የኮሎምቢያ ሎንግ ፕሌይ የመጣው በ1948 ነው። 10 ኢንቹ በሁለቱ ገጽ 24 ደቂቃ፣ 12 ኢንቹ 40 ደቂቃ ይይዛል። ገበያው ግን አልቀናውም። ድምፁ ደካማ ነበር፣ መርፌውም ይዘል ነበር። ኤዲሰን በ1929 የሸክላ ሥራውን እርግፍ አድርጎ ተወው። ያሳዝነኛል፣ ሐሳቡ ትልቅ ነበር።

የድምፅ ቴክኒሻን፦ ሁለቱም ደህና ናቸው። ፍንጩ ያለው ሞኖ ቁልፉ ላይ ነው። በተለመደው ሞኖ ሸክላ ላይ መርፌው ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። በኤዲሰን ላይ ግን ወደ ላይና ወደ ታች ነው የሚሄደው። የስቴሪዮ ካርትሪጅ (መርፌውን የሚይዘው፣ እንቅስቃሴውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ራስ) ይህን እንቅስቃሴ በግራና በቀኝ ቻናል ተቃራኒ አድርጎ ያወጣዋል። ሞኖ ስትጫን ሁለቱ ይደመሩና ይጣፋሉ።

ስለዚህ ከካርትሪጁ ጀርባ የአንዱን ቻናል ሁለት ሽቦዎች አቀያይር፤ ለምሳሌ ቀዩንና አረንጓዴውን። ከዚያ ሞኖ ተጫን፣ ሙዚቃው ጎልቶ ይመጣል። ሽቦ መነካካት ከፈራህ በስቴሪዮ ቅዳው። ኮምፒውተር ላይ የአንዱን ቻናል ሞገድ ላዩን ወደ ታች ገልብጠህ (invert) ከሌላው ጋር አዋህድ። ውጤቱ ያው ነው።

ፍጥነቱ በደቂቃ 80 ዙር ነው። በ78 ቀድተህ በኋላ ከ2 በመቶ ትንሽ በላይ አፍጥነው።

የ78 መርፌህን ግን አርቀው። በአንድ ኢንች ውስጥ 450 መስመር ነው የተቀረጸው። ከመስመር እስከ መስመር 0.056 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ወፍራም መርፌ አይገባበትም። በስሱ ቀጥል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ጎረቤቴ በእጅ የሚጠመዘዝ የኤዲሰን ማሽን አለው። በዚያስ ብሞክረው?

ሸክላ ሰብሳቢ፦ ኧረ እንዳትሞክረው! በዚያ ማሽን መርፌውን የያዘውን ክንድ ወደ ውስጥ የሚገፋው ጥርስ (ጊር) ነው እንጂ መስመሩ አይደለም። የተሠራው በኢንች 150 መስመር ላላቸው ሸክላዎች ነው። ያንተ ሦስት እጥፍ የቀጠነ ነው፣ መርፌው መስመሮቹን እያቋረጠ ይፍቃቸዋል። ለሎንግ ፕሌይ የተለየ ጥርስና የተለየ የመርፌ ራስ ነበረው። ጎረቤትህ እነሱ ካሉት ሌላ ነገር ነው።

የድምፅ ቴክኒሻን፦ አንድ ነገር ልጨምር። በውሃ አትጠበው። የኤዲሰን ሸክላ ውሃ ከገባው ያብጣል፣ ፊቱም ይላጣል። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ብቻ አንሳለት።