ወንድሜ ኤቨረስትን ሊወጣ ነው፤ አደጋው የእርሱ ብቻ ነውን?

ታላቅ እህት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው በአሜሪካ፣ ኮሎራዶ ግዛት ነው። ሥራ በሌለው ቀን ሁሉ ተራራ ላይ ነው የሚገኘው ማለት ይቻላል፤ ራስ ዳሸንን ገና ተማሪ ሳለ ወጥቶታል፣ ኪሊማንጃሮን ሁለት ጊዜ ወጥቷል፣ አምና ደግሞ በአርጀንቲና የሚገኘውን አኮንካጓን ወጥቶ በደህና ተመልሷል። አሁን በኔፓል በኩል ኤቨረስትን ለመውጣት ገንዘብ እያጠራቀመ ነው። ለመንግሥት የሚከፈለው የፈቃድ ዋጋ ብቻውን ከመስከረም 2025 ጀምሮ ከ11,000 ወደ 15,000 ዶላር ከፍ ብሏል፤ የአስወጪው ድርጅት ክፍያ፣ መሣሪያውና ጉዞው ሲጨመርበት ከ50,000 ዶላር በላይ እንደሚያወጣ ነግሮኛል። (ዓመታቱን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ዕድሜውም 36 ስለሆነ በገዛ ሕይወቱ ላይ እኔ አዛዥ አይደለሁም። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ስለ ተራራው ማንበብ ስጀምር፣ ዴቪድ ሻርፕ የተባለ እንግሊዛዊ በ2006 በሰሜኑ በኩል ከአንድ የዓለት ጥግ ሥር ተቀምጦ በብርድና በኦክስጅን እጦት ሲሞት 40 የሚያህሉ ሰዎች በአጠገቡ እንዳለፉ አነበብሁ። ወንድሜን «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብዬ ብጠይቀው ብዙ ዝም ካለ በኋላ፣ «እትዬ፣ እዚያ ላይ ያለ ሰው ሌላ ሰው ነው፤ እዚህ ሆነሽ አትፍረጂ» አለኝ። ሁለተኛው ጭንቀቴ ደግሞ እርሱ ጥቂት ጊዜ በሚያልፍበት አደገኛ ስፍራ፣ የእርሱን ድንኳን፣ ምግብና ኦክስጅን የተሸከሙ ሰዎች ደጋግመው የሚያልፉ መሆናቸው ነው። ይህን ሳነሣበት «ወደው የሚሠሩት ሥራ ነው፤ እኔም እከፍላለሁ» ይላል። ነገሩን ከእኔ በተሻለ የምታውቁት ካላችሁ፣ ይህ መልስ በቂ ነው ወይ?

ባለ ነጭ ጋዋን

የተከበሩ እህቴ፣ እኔ የማደንዘዣ ሕክምና ባለሙያ እንጂ ተራራ ወጪ አይደለሁም፤ ስለዚህ የምጽፈው ስለ አካሉ ነው። ወንድምዎ «እዚያ ላይ ያለ ሰው ሌላ ሰው ነው» ማለቱ ከሕክምና አንጻር ስህተት የለበትም። በተራራው ጫፍ፣ በ8,848 ሜትር ከፍታ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው አንድ ሦስተኛ ገደማ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ከ8,000 ሜትር በላይ ሰውነት የቱንም ያህል ቢቆይ አይለምድም፤ በየሰዓቱ ይደክማል እንጂ። የሞት ቀጠና የተባለውም በዚህ ምክንያት ነው። ሳንባ ውኃ ሊቋጥር፣ አንጎል ሊያብጥ ይችላል፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋው ደግሞ ማመዛዘን ነው። የወደቀውን ሰው አይቶ «ልርዳው ወይስ ልለፍ?» ብሎ የሚወስነው ሰው ራሱ ኦክስጅን የጎደለው ሰው ነው። በእግሩ መቆም ያቃተውን ሰው ከዚያ ማውረድ የብዙ ብርቱ ሰዎችን ጉልበት የሚጠይቅ ሲሆን፣ ሄሊኮፕተርም በተለመደው አሠራር በመውጫው መንገድ ላይ ካለው ሁለተኛው ማረፊያ ሰፈር፣ ማለትም ከ6,400 ሜትር አካባቢ፣ አልፎ እምብዛም አይወጣም።

ይህን ያልሁት ያለፉትን ሁሉ ነጻ ለማውጣት አይደለም። በዚያው በግንቦት 2006፣ ሻርፕ ከሞተ ከ10 ቀናት ገደማ በኋላ፣ ሊንከን ሆል የተባለ አውስትራሊያዊ በ8,600 ሜትር አካባቢ ሞቷል ተብሎ ተተወ። በማግስቱ ንጋት ላይ በዳን ማዙር የሚመራ አነስተኛ ቡድን ወደ ጫፉ ሲያመራ፣ ሰውዬውን ከገደሉ አፋፍ ላይ በሕይወት ተቀምጦ አገኘው። ቡድኑ ጫፉን ትቶ አጠገቡ ቆየ፣ የሚጠጣና ኦክስጅን ሰጠው፣ እርዳታም ጠራ፤ የኔፓል ተራራ አዋቂዎች የሆኑ ሼርፓዎች ወጥተው አወረዱትና ሰውየው ዳነ። ሻርፕ ሲገኝ የነበረበት ሁኔታ ከዚህ እጅግ የከፋ ስለነበር ሁለቱን እኩል አድርጎ መፍረድ አይገባም፤ ኦክስጅን የሰጡትና ሊያነሡት የሞከሩ ሰዎችም ነበሩ። ነገር ግን የማዙር ቡድን ያሳየን አንድ ነገር አለ፤ የተነፈሱት ያንኑ ቀጭን አየር ነበር፣ ወጪውንም እንደሌላው ከፍለው ነበር።

ስለዚህ ወንድምዎን «እዚያ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?» ብለው አይጠይቁት። ዛሬ፣ አንጎሉ ሙሉ ኦክስጅን እያገኘ ሳለ ምን ወስኖ እንደሚሄድ ይጠይቁት። በ1996 ኒውዚላንዳዊው የቡድን መሪ ሮብ ሆል የመመለሻ ሰዓት (ጫፉ ላይ ባይደረስም ሁሉም ወደ ታች የሚዞርበት ሰዓት) አድርጎ የያዘው ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር፤ አንዱ ደንበኛው ግን ጫፉን የረገጠው 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ያ ሰው ባለፈው ዓመት ከጫፉ ሥር ደርሶ እንዲመለስ የተደረገ፣ ምኞቱም ያልበረደለት ሰው ነበር። መሪው ጥሎት አልወረደም፤ ሁለቱም እዚያው ቀሩ። በዚያን ጊዜ በተራራው ላይ በተነሣው የበረዶ ማዕበል የሞቱት በአጠቃላይ 8 ናቸው። ሰዓቱ የተቆረጠው በጤናማ አእምሮ ነበር፤ የተሻረው ግን ከላይ ነው።

የኩምቡ መንገደኛ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባለቤቴ ጋር እስከ ተራራው ሥር ሰፈር ድረስ፣ ማለትም እስከ 5,364 ሜትር፣ በእግሬ ሄጃለሁ። (ያ መነሻ ሰፈር ራሱ ከራስ ዳሸን ጫፍ በ800 ሜትር ይበልጣል፤ ወንድምዎ ይህን ያውቃል ብዬ እገምታለሁ።) ወደ ሰፈሩ ከመድረስ በፊት ቱክላ የሚባል አቀበት አለ፤ አናቱ ላይ ለሞቱት የተከመሩ ድንጋዮችና የጸሎት ጨርቆች ተደርድረው ይታያሉ። መሪያችን እዚያ ሲደርስ ባርኔጣውን አውልቆ በዝምታ አለፈ፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልናገር። ሼርፓ የሕዝብ ስም እንጂ የሥራ ስም አይደለም፤ ዓለም ግን ተራራ ላይ ሸክም የሚሸከመውን ሁሉ በዚህ ስም ይጠራዋል። በኔፓል በኩል የሚወጣ ሁሉ ከመነሻው ሰፈር እንደተነሣ የሚገጥመው የኩምቡ የበረዶ ግግር ቁልቁል የሚናድበት ስፍራ ነው። ግግሩ በቀን እስከ አንድ ሜትር ስለሚንቀሳቀስ፣ ትናንት መሰላል የተዘረጋበት ስንጥቅ ነገ ሰፍቶ ወይም ተዘግቶ ይገኛል፤ ቤት የሚያህሉ የበረዶ ቋጥኞች ያለማስጠንቀቂያ ይወድቃሉ። መሰላሉንና ገመዱን የሚዘረጉት «የበረዶ ሐኪሞች» የሚባሉ የአገሩ ሰዎች ናቸው። ሰዎች በሌሊት የሚሻገሩት ፀሐይ በረዶውን ከማላላቷ በፊት ለማለፍ ነው። ዛሬ ደንበኞች በአጎራባች ትናንሽ ተራሮች ላይ ከፍታውን ተለማምደው ስለሚመጡ በዚህ ስፍራ የሚመላለሱት ጥቂት ዙር ብቻ ነው። የደንበኛው ኦክስጅን፣ ማብሰያ ጋዝ፣ ድንኳንና ፍራሽ ግን በራሱ እግር የለውምና ሠራተኛው የዚያን ብዙ እጥፍ ይመላለሳል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሚያዝያ (ኤፕሪል) 18 ቀን 2014 ማለዳ ላይ ከተራራው ምዕራባዊ ትከሻ የተገነጠለ በረዶ በዚያ ስፍራ ወድቆ 16 ሰዎችን ገደለ። 16ቱም ኔፓላውያን ሠራተኞች ነበሩ፤ አንድም ደንበኛ አልነበረበትም። መንግሥት መጀመሪያ ለየቤተሰቡ ሊሰጥ ያሰበው 40,000 የኔፓል ሩፒ፣ ወደ 400 ዶላር ገደማ ነበር። ሼርፓዎቹ «ከፈቃድ ሽያጭ የምታገኙት ምን ያህል ነው?» ብለው ተቆጡ፤ ሥራውን አቆሙ፤ በኔፓል በኩል ተራራውን መውጣትም በዚያ ዓመት ከሞላ ጎደል በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ አሠሪዎች ለሠራተኛ የሚገቡት የግዴታ የሕይወት ኢንሹራንስ ከፍ ቢደረግም፣ ከደንበኛው አጠቃላይ ክፍያ ጋር ሲተያይ አሁንም ትንሽ ነው። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ መሰላልና ገመድ በድሮን ማጓጓዝ ተጀምሯል፤ ይህ በጎ ነገር ነው፤ ዘግይቶ መጣ እንጂ።

«እከፍላለሁ» የሚለው መልስ እንግዲህ በዚህ ይለካ። ስንት ነው የሚከፍለው? ለማን? ሠራተኛው ቢሞት ለልጆቹ የሚደርሰው ስንት ነው?

ከዶሃ የተመለሰ

ከላይ የጻፉት ወንድማችን ያሉትን አልነቅፍም፤ ግን አንድ ነገር ጎድሎበታል ብዬ አምናለሁ። በዶሃ 6 ዓመት በግንባታ ሥራ ስኖር፣ አንድ ክፍል ውስጥ ከአራት ኔፓላውያን ጋር እኖር ነበር። ከመካከላቸው አንዱ የተራራው አካባቢ ሰው ሲሆን፣ ታላቅ ወንድሙ በየዓመቱ ለተራራ ወጪዎች ይሸከም ነበር። እኔም እንደ ጠያቂያችን ደንግጬ «ለምን አይተወውም?» አልሁት። ሳቀና «ትቶ የት ይምጣ? ወደዚህ?» አለኝ። በዚያ ሰሞን ከካምፓችን የአንድ ኔፓላዊ አስከሬን ተሸኝቶ ነበር፤ ማታ ተኝቶ ጧት ያልነቃ የ29 ዓመት ልጅ።

በኔፓል የአንድ ሰው አማካይ የዓመት ገቢ 1,500 ዶላር ገደማ በሆነበት ሁኔታ፣ ልምድ ያለው የተራራ ሠራተኛ በሁለትና ሦስት ወር ውስጥ ጥቂት ሺህ ዶላር ያገኛል። በዚህ ገንዘብ ልጆች ይማራሉ፤ ዛሬ ከትልልቆቹ አስወጪ ድርጅቶች ብዙዎቹ የኔፓላውያን የራሳቸው ንብረት ናቸው። ካሚ ሪታ ሼርፓ በግንቦት 2025 ለ31ኛ ጊዜ ጫፉን ረግጧል፤ ይህን ሰው «የባዕድ ምኞት ሰለባ» ብቻ አድርጎ ማየት ሙያውን መናቅ ይሆናል። እኛም ልጆቻችንን ወደ ዓረብ አገር ስንሸኝ «ወደው ነው የሄዱት» የሚለን ሰው ቢመጣ ግማሽ እውነት ተናገረ እንላለን፤ «እንዳይሄዱ ይከልከሉ» የሚለንንም አንወድደውም። የምንጠይቀው ውሉ እንዲከበር፣ ሲታመሙ እንዲታከሙ፣ ሲሞቱ ካሳው እንዲደርስ ነው። ኔፓላዊውም ከዚህ የተለየ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ወንድምዎ መቅረቱ ማንንም አይጠቅምም ይሆናል። ርካሹን ድርጅት መምረጡ ግን በእርግጠኝነት ሰው ይጎዳል። ዋጋ የሚቀነሰው ከሠራተኛ ቁጥር፣ ከኦክስጅን ጠርሙስና ከልምድ ነውና። በ2023 ኔፓል 478 ፈቃድ ሰጥታ፣ የጠፉትን ጨምሮ 18 ሰው በሞተበት ዓመት፣ ገልጄ ሼርፓ የተባለው መሪ አንድ ማሌዥያዊ በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ በብርድ ሲንቀጠቀጥ አገኘ። የራሱን ደንበኛ ጫፉን ትቶ እንዲመለስ አግባብቶ፣ ማሌዥያዊውን በጀርባው አዝሎ አወረደው፤ ሰውየውም ተረፈ። ዓለም ያጨበጨበው ለገልጄ ነው፤ ይገባዋል። እኔ ግን የማስበው ስለዚያ ደንበኛ ነው። ገንዘቡን ከፍሎ፣ ጫፉ ሥር ደርሶ፣ «እንመለስ» ሲባል ተመለሰ። ወንድምዎ ሊዘጋጅበት የሚገባው ቦታ ያ ይመስለኛል።

ያገር ልጅ

ሁላችሁም ብዙ አላችሁ፤ እኔ በአጭሩ አንድ ነገር ልጠይቅ። ቢሞት ሬሳውን ማን ያወርደዋል?

ሐነሎሬ ሽማትስ የተባለች ጀርመናዊት በ1979 ከጫፉ ስትመለስ ሞተች። በ1984 አስከሬኗን ለማውረድ የወጡ ሁለት ኔፓላውያን፣ አንዱ የፖሊስ መኮንን ሌላው ሼርፓ፣ ወድቀው ሞቱ። በተራራው ላይ እስከ አሁን ከ330 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ የብዙዎቹ አስከሬን እዚያው ነው። ማውረድ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ዶላር ይፈጃል፤ የብዙ ሰዎችንም ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል። እኛ ደግሞ ሬሳ አገር ካልገባ፣ አፈር ካልለበሰ፣ ለቅሶው የማይወጣልን ሰዎች ነን። እናት ካላችሁ «ልጄን አምጡልኝ» ማለታቸው አይቀርም፤ እናንተም ገንዘብ አዋጥታችሁ ሌላ ሰው መላካችሁ አይቀርም። አደጋው የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር ያለ አይመስለኝም። ቢሞት አስከሬኑ ምን እንዲደረግ እንደሚፈልግ አስቀድሞ በጽሑፍ ይናገር።

ታላቅ እህት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን ሁሉ ለወንድሜ ልኬለት፣ እሑድ ዕለት ሁለት ሰዓት ያህል በስልክ ተነጋገርን። የመመለሻውን ሰዓት በተመለከተ መሪው «ተመለስ» ባለው ቅጽበት ያለ ክርክር እንደሚመለስ፣ በመንገድ ላይ ሊድን የሚችል ሰው ቢገኝ የእርሱን ኦክስጅንና የእርሱን ሠራተኛ ለዚያ ሰው መስጠት እንደሚቻል በውሉ ላይ እንዲጻፍለት እንደሚጠይቅ ነግሮኛል። ድርጅቶች እንዲህ ያለ ነገር ጽፈው ያውቁ እንደሆነ እንጃ፤ እርሱ ግን ይጠይቃል።

ስለ አስከሬኑ የጠየቃችሁትን ሳነሣበት ወዲያው «እዚያው ተዉኝ፤ በእኔ ምክንያት ማንም እንዳይወጣ» አለ። በጽሑፍ አድርጎም ላከልኝ። እናታችን አዲስ አበባ ናት፤ ይህን ወረቀት ማን እንደሚነግራት ገና አልተስማማንም። እርሱ «አንቺ ንገሪያት» ይላል፤ እኔ ደግሞ ራሱ መጥቶ ፊት ለፊት ካልነገራት አይሆንም ብያለሁ።

ለሦስት አስወጪ ድርጅቶችም ጥያቄዎችን በኢሜይል ልኳል። ሦስቱም በማግስቱ መለሱ፤ ስለ ምግቡ፣ ስለ ድንኳኑ ሙቀት፣ ስለ ኦክስጅን ጠርሙሱ ብዛት በዝርዝር ጽፈዋል። አብሮት የሚወጣው ሼርፓ ቢሞት ለቤተሰቡ ስንት እንደሚከፈል የመለሰው ግን አንዱ ብቻ ነው። ከሦስቱ ውዱም እርሱ ነው። ወንድሜ አንድ ዓመት ጨምሮ ማጠራቀም ሊኖርበት ነው።