አደራ የተሰጠኝ ልጅ መጠጥ ጀመረ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። የታላቅ እህቴ ልጅ ዘንድሮ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ገና 18 ዓመቱ ነው። እህቴ ስትልከው «አደራህን፣ ዓይንህን ከሱ ላይ እንዳትነቅል» ብላኛለች። ልጁ ግን ዶርም ስለሆነ የማገኘው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው።

ችግሩ ጨብሲ ነው። ከሰዓት ከጓደኞቹ ጋር ይቅማል፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ድራፍት። ብር ሲያጥር አረቄ። ባለፈው ቅዳሜ በባጃጅ አምጥተው እኔ ቤት ጥለውት ሄዱ። ሲያስመልሰው አደረ። ትውከቱ እንዳያንቀው በጎኑ አስተኝቼ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አነጋሁ። ጠዋት «ጋሼ፣ ሁሉም እኮ ይጠጣል» አይለኝም!

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ይከለክላል። ግቢው አካባቢ ያለው ግሮሰሪ ግን መታወቂያ የሚባል ነገር አይጠይቅም። ባለቤቱን ሄጄ ባናግረው «እኔ ባልሸጥለት ጎረቤቴ ይሸጥለታል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ያናድዳል እንጂ።

ለእናቱ ብነግራት ትምህርቱን አስጥላ ትወስደዋለች፤ አውቃታለሁ። ዝም ብል ደግሞ አደራ በላ ልሆን ነው። ስቆጣው ስልኬን ማንሳት አቆመ።

በዚህ ያለፋችሁ ወላጆች፣ ተማሪዎችም ብትሆኑ፣ እንዴት ብዬ ላናግረው? ግቢ ውስጥ የምክር አገልግሎት ቢሮ ብወስደው ነገሩ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ይሄድበታል? የግሮሰሪውስ ጉዳይ ለማን ይነገራል፣ ለክፍለ ከተማው ወይስ ለፖሊስ?