አስቸኳይ፦ የእድሩ ፋይል አልከፈት አለ፣ ፓስወርዱ ግን ትክክል ነው

የጸሐፊው ልጅ፦
እባካችሁ ቶሎ። ለሰፈራችን እድር የአባላት መዝገብ ሠርቼ ነበር። ስም፣ ስልክ፣ ወራሽ፣ ሁሉም ብሮውዘሩ ውስጥ በዌብ ክሪፕቶ (የብሮውዘሩ የራሱ የምስጠራ መሣሪያ) ይቆለፋል። ቁልፉ የሚወጣው ከፓስወርዱ ነው። የእድሩ ጸሐፊ አባቴ ነው፤ ላፕቶፑ ትናንት ተቃጠለ። ፍላሽ ላይ ያለውን ባክአፕ በእኔ ላፕቶፕ ስከፍት «ኦፕሬሽን ኤረር» ብቻ ይለኛል። ነገ ጠዋት ስብሰባ አለ!

ማዘርቦርድ፦
ካሽ (ብሮውዘሩ ያስቀመጠውን ጊዜያዊ ቅጂ) አጥፋና ሞክር።

ጋሽ ኮዱ፦
ልጄ፣ ቁልፍ ሎካል ስቶሬጅ (የብሮውዘሩ ተራ ማስቀመጫ) ውስጥ አይቀመጥም። ገጹ ላይ ሾልኮ የገባ ስክሪፕት ሁሉ ያነበዋል። «ኤክስትራክተብል» (ቁልፉ ወጥቶ ይነበብ) የሚለውን ምርጫ ፎልስ አድርገህ ኢንዴክስድ ዲቢ (የብሮውዘሩ ዳታቤዝ) ውስጥ ነው የምታኖረው። ያኔ ገልብጦ መውሰድ አይቻልም፤ ስክሪፕቱ እዚያው ገጹ ላይ ሆኖ መጠቀም ግን ይችላል። ከፓስወርዱ ቁልፍ የምታወጣው በፒቢኬዲኤፍ2 ከሆነስ፣ ስሌቱ የሚደጋገምበት ዙር ስንት ነው? ሻ-256 ከሚባለው ስሌት ጋር 600,000 ነው የሚመከረው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል እኮ። በሰው ስልክ ቁጥር ቀልድ የለም።

የጸሐፊው ልጅ፦
ጋሼ፣ ቁልፍ የትም አላስቀመጥኩም። ዙሩም 600,000 ነው። አልከፈት ነው ያለኝ!

ቀበኛ፦
ብሮውዘር ውስጥ መቆለፉ ራሱ ምን ይጠቅማል? ኮዱን የሚልከው ሰርቨሩ ነው። እሱ ከተጠለፈ ፓስወርድ የሚሰርቅ ኮድ ይልክላችኋል። በደብተር ያዙት።

የጸሐፊው ልጅ፦
ደብተሩን ዝናብ በላው። ለዚህ ነው የሠራሁት።

ማዘርቦርድ፦
ገጹ ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ ግንኙነት) ነው? ካሹንም አጥፋ።

እትዬ ባግ፦
ኧረ ካሽ አታጥፋ! ሰው አብሮ የሳይት ዳታውን ጠቅ እያደረገ ስንቱን ጠርጓል። ኤችቲቲፒኤስ ባይሆን ኖሮ ስህተቱ ሌላ ነበር፤ «ሰብትል» የሚባለው የዌብ ክሪፕቶ ክፍል ራሱ አይገኝም። ይሄኛው የመቆለፊያው ስልት፣ ኤኢኤስ-ጂሲኤም፣ ፋይሉ እንዳልተነካ የሚያይበት ማኅተሙ አልገጠመለትም ማለት ነው። ቁልፉ ይሳሳት ፋይሉ ይበላሽ፣ ለይቶ አይነግርህም። ሶልቱና አይቪው (ቁልፉ ሲወጣና ፋይሉ ሲቆለፍ የገቡት የዘፈቀደ ቁጥሮች) ባክአፑ ውስጥ አሉ? ፓስወርዱ በአማርኛ ነው? ማን ነው የሚያስገባው? ፓስወርዱን ግን እዚህ እንዳትጽፈው።

ቡና በጨው፦
ሶልት ጨው አይደል? ያለ ጨው ወጥም አይበላ፣ ፋይልም አይከፈት፣ ሃሃ።

የጸሐፊው ልጅ፦
ሁለቱም ፋይሉ ውስጥ አሉ። በአማርኛ ነው፣ ሁለት ቃል። ሁሌ የሚያስገባው አባቴ ነበር። አሁን በስልክ ነግሮኝ እኔ ጻፍኩት።

እትዬ ባግ፦
በስልክ! በቃ ተገኘ መሰለኝ። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን አይተዋወቁም። አንዲት ፊደል ከተለየች ቁልፉ ጭራሽ ሌላ ነው። የአንድ ፊደል የተለያየ አጻጻፍን አንድ የሚያደርገው «ኖርማላይዝ»ም አያድንህም፤ ዩኒኮድ (ኮምፒውተር ፊደላትን የሚለይበት ሥርዓት) ሀ እና ሐን አንድ አያደርግም። ለ«ፀሐይ» ብናሰላው ፀ እና ጸ ሁለት፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ስድስት። 12 ሙከራ። በቃላቱ መሃል ያለውንም እይ፤ ክፍት ቦታ ሳይሆን ሁለት ነጥብ (፡) ገብቶ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም በየተራ የሚሞክር ሉፕ ጻፍና አስሞክረው፣ ቡና እስኪፈላ ያልቃል።

ከተከፈተልህ ደግሞ ዳታውን በራንደም (በዘፈቀደ በተፈጠረ) ቁልፍ ቆልፈው። ያንን ቁልፍ ደግሞ በፓስወርዱ ጠቅልለው፣ ማለትም ቁልፉን ራሱን ቆልፈው። የዚያኑ ቁልፍ ሁለተኛ ቅጂ በረጅም የመጠባበቂያ ኮድ ጠቅልልና ኮዱን በወረቀት ጽፈህ፣ ፖስታውን አሽገህ ገንዘብ ያዡ ጋ አስቀምጥ።

ጋሽ ኮዱ፦
ምን ሉፕ ያስፈልጋል? የእኛ ትውልድ ሃሌታውን ሀ፣ ሐመሩን ሐ፣ ብዙኃኑን ኀ ለይቶ ነው የተማረው። አባትህን ጠይቃቸው፣ ቁጭ ያደርጉልሃል።

የጸሐፊው ልጅ፦
ለቅሶ ቤት ነው፣ ስልክ አያነሳም። ሉፑን እየጻፍኩ ነው። ወይኔ፣ «ሰ»ም አለበት።

እትዬ ባግ፦
እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ። በሁለት አባዛው።

ቀበኛ (ሰኞ)፦
ስብሰባው እንዴት ሆነ?

ቡና በጨው፦
ደብተር ሊገዛ ወጥቶ ይሆናል።