የኋላው ስፒከር ጭጭ አለብኝ፣ የሚያውቅ ካለ ይተባበረኝ

አቦ ሰላም ናችሁ? ከድሬዳዋ ነው። ለረጅም መንገድ የሚሆን ትልቅ ሞተር አለኝ። ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው መደገፊያው ላይ ሁለት ስፒከር፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ ቁልፎች አሉት። የፊቶቹ ስፒከሮች አሪፍ ይሠራሉ። የኋላዎቹ ግን ደንገጎ ላይ አንድ ጉድጓድ ካዘለለን ወዲህ ጭጭ ብለዋል።

የሚገርመው፣ ባለቤቴ ከኋላ ሆና መጨመሪያውን ስትጫን የፊቱ ድምፅ ይጨምራል። ቁልፉ ጤነኛ ነው ማለት ነው። መቀነሻው ብቻ አንዳንዴ ይይዛል፤ እሱ የድሬ አቧራ ሥራ ነው፣ ልተወው። ድምፁን ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ሳዞረው ምንም አይሰማም። ስፒከሮቹን ነቅዬ ሽቦዎቻቸውን በ1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ስነካካቸው ጠቅ ጠቅ ይላሉ። በመልቲሜትርም ወደ 4 ኦም ያሳያሉ። አልተቃጠሉም።

ከዚራ አካባቢ ያለ አንድ ኤሌክትሪሻን "ቴፑ ይቀየር" አለኝ። ፊቱ እየሠራ? አልተዋጠልኝም። እኔ የምጠረጥረው ከመቀመጫው ሥር ያለውን የሽቦ ማገናኛ ነው። ከቴፑ የሚመጣውን የኋላ መስመር ሞተሩን ሳልበታትን እንዴት ልፈትሸው? አንድ ሽቦ ቢላቀቅ ሁለቱም ስፒከሮች በአንዴ ይጠፋሉ እንዴ? ባለቤቴ ያለ ሙዚቃ ሐረር አልወጣም ብላለች፣ ቶሎ በሉኝ።