ባለ መልሕቋ የአይሁድ ነሐስ ሳንቲም የማን ናት?

ጀማሪ ሰብሳቢ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ የጥንት አይሁድ የነሐስ ሳንቲም መሰብሰብ ልጀምር ብዬ ኢየሩሳሌም ፈቃድ ያለው ነጋዴ ጋ አንዷን አይቼ ልቤ እዛው ቀረ። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም፣ ባንድ በኩል መልሕቅ በሌላው ደሞ ባለ ስምንት ጨረር ኮከብ አለባት፣ ጽሑፏ ግን ግማሹ ከጠርዙ ወጥቶ ቀርቷል። ሰውዬው "ወንጌል ላይ ያለችው መበለት የጣለችው ይቺን ነው" ይለኛል። እውነቱን ነው ወይስ ሊሸጥልኝ ነው? ደሞ የንጉሥ ፊት ለምን የለባትም?

ፕሩታ፦
ባልከው መሠረት የአሌክሳንደር ያናይ ናት፣ ከሐስሞናውያን (የአይሁድ ነገሥታት ቤት) የሆነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ104 እስከ 76 ገደማ የነገሠው። ስሟ ፕሩታ ነው። ሰውዬው ጭራሽ አልዋሸም፣ እነዚህ ሳንቲሞች ንጉሡ ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላም ገበያ ላይ ይዞሩ ነበር፣ ግን መበለቷ የጣለችው "ይቺን" ነው ብሎ የሚምል ሰው ካለ ወሬውን ነው የሚሸጥልህ። ጽሑፉ መቆረጡ አያስጨንቅህ፣ ነሐሱን ድንጋይ ቅርጽ ውስጥ በሰንሰለት መልክ አፍስሰው፣ ማኅተሙን መትተው፣ ከዛ ቆራርጠው ነው የሚለዩት፣ ብዙ ጊዜ ጎንና ጎኗ ላይ የተቆረጠበት ጉጥ ይታያል። እንደውም ድብን ያለች ክብና ጽሑፏ ሙሉ የሆነች ካመጣልህ ያኔ ጠርጥር።

የዘንባባ ጥላ፦
ፊት የሌለው በሁለተኛው ትእዛዝ ምክንያት ነው፣ የተቀረጸ ምስል። መልሕቁ ከሴሌውቂያውያን፣ ሶርያን ይገዙ ከነበሩት የግሪክ ነገሥታት፣ የመጣ ነው፣ እነሱ ራሳቸው ምልክታቸው ነበር፣ ብዙ ሰው ያናይ የባሕር ዳር ከተሞችን መያዙን ሊያሳይበት ነው ይላል። በሌሎቹ ሳንቲሞቹ ላይ ደሞ ፍሬ የሞላባቸው ሁለት ቀንዶች መሃላቸው ሮማን አለ።

እኔ ግን ነፍሴን የሚያስደስተኝ አይሁድ በሮም ላይ ያመፁበት ጊዜ ሳንቲም ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ66 እስከ 70 ያለው። የ2ኛና የ3ኛ ዓመቱ ነሐስ እንስራና የወይን ቅጠል ኖሮት "የጽዮን ነፃነት" ይላል፣ በ4ኛው ዓመት ኢየሩሳሌም ጭንቅ ውስጥ ስትገባ ጽሑፉ "ለጽዮን ቤዛ" ሆነ፣ ምስሉም የዳስ በዓል ዘንባባና ትርንጎ፣ አስበኸዋል? የኋለኛው የአይሁድ አመፅ መሪ ባርኮክባ ደሞ (132-135) የሮማውያንን ገንዘብ ሰብስቦ ላዩ ላይ ነው የመታበት፣ አንዳንዱ ላይ ብርሃን ጎን አድርገህ ካየኸው ከወይኑ ቅጠል ሥር የድሮው ፊደል ቅሪት ይታያል። እነዚህን አይተህ የጲላጦስን ስታይ ያናድድሃል፣ ከሱ በፊት የነበሩት ሮማውያን ገዢዎች ዘንባባና የገብስ ዛላ አድርገው ሕዝቡን አክብረው ነበር፣ እሱ ግን የጣዖት መሥዋዕት ጭልፋና የሟርተኛ ጠማማ በትር አደረገበት።

አሮጌ ነሐስ፦
ምልክቱ ጥሩ ነው ግን ዋናውን ማንም አላለውም፣ አትጠባት!! አቼቶም ሎሚም የጥርስ ሳሙናም አትንካ፣ ፓቲናው (በዘመን ብዛት ላይዋ ላይ የጋገረው ሽፋን) አንዴ ከሄደ አይመለስም። በቀላሉ የሚረግፍ ደማቅ አረንጓዴ ዱቄት ካየህባት ደሞ ነሐሱ ታሟል ማለት ነው፣ አትግዛት፣ ወይ ለይተህ ደረቅ ቦታ አስቀምጣት። ሌላው፣ የእስራኤል ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ መሬት ላይ የተገኘ ጥንታዊ ዕቃ የመንግሥት ነው ስለሚል ወረቀቷን ጠይቅ፣ ከአገር ልታወጣት ከሆነ ደሞ የጥንታዊ ቅርሶች ባለሥልጣን ፈቃድ ግድ ነው።

ጀማሪ ሰብሳቢ፦
ኧረ እናመሰግናለን፣ አቼቶውን ከኪችን አውጥቼ ነበር ሃሃ። የቆረጡበት ጉጥ ግራና ቀኝ አላት፣ ዱቄት የላትም። ፎቶዋን ነገ እለጥፋለሁ፣ ሚዛንም ካስፈለገ ንገሩኝ።

ፕሩታ፦
ሚዛን አዎ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ግራም ገደማ ከሆነች ደህና ናት። ጠርዟንም በማጉያ እይ፣ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ ከበዛባት ተፈስሳ የተሠራች ፌክ ልትሆን ትችላለች።