የሳሎናችን መስታወት በአንዱ ጥግ ብቻ ደጋግሞ የሚሰነጠቀው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የደንበላ ነዋሪ (አዳማ)

ጤና ይስጥልኝ። አዳማ፣ ደንበላ አካባቢ በምንኖርበት ቤት መስኮቶች ላይ ስላጋጠመን ችግር ምክራችሁን ለመጠየቅ ነው። ቤቱን አባቴ በ1989 ዓ.ም ያሠራው የብሎኬት ቤት ሲሆን፣ ስምንቱም መስኮቶች በጊዜው እንደተለመደው በኤል ቲ ዜድ ብረት (የኤል፣ የቲና የዜድ ፊደል ቅርጽ ባለው ዘንግ) የተሠሩ፣ መስታወታቸውም በፑቲ፣ ማለትም ሊጥ በሚመስል ማጣበቂያ፣ የተያዘ ነው። ከስምንቱ ሰባቱ ይህ ነው የሚባል ችግር የለባቸውም። ወደ ምዕራብ የሚያየው ትልቁ የሳሎን መስኮት ግን በግራ በኩል ባለው የታችኛው ጥግ ሁለት ጊዜ ተሰንጥቆብናል።

የመጀመሪያው ስንጥቅ የታየው በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም፣ በፈንታሌ በኩል የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማችን ድረስ በሚሰማበት ሰሞን ስለነበረ ሁላችንም ምክንያቱ እሱ ነው ብለን መስታወቱን ቀየርን። አዲሱ መስታወት ግን ዓመት ከጥቂት ወር እንኳ ሳይቆይ፣ ምንም ነገር ሳይነካውና መሬቱም ጸጥ ብሎ ሳለ፣ በዚያው ጥግ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ከጥጉ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይጀምርና ወደ መሐል ቀስ እያለ ይታጠፋል። እናቴ የጎረቤት ልጆች ኳስ ነው ትላለች፣ ጎረቤታችን የአዳማ ነፋስ ነው ይላል፣ መስታወት የሸጠልን ሰው ደግሞ 4 ሚሊሜትሩ ስለሳሳ ነው፣ 6 ሚሊሜትር አስገቡ ብሎናል።

በዚሁ አጋጣሚ ስምንቱንም መስኮቶች ቀለም ማስቀባት ስለምንፈልግ፣ መስታወቱ ይቅደም ወይስ ቀለሙ፣ በፑቲ ፈንታስ ሲልከን ብንጠቀም ምን ይመስላችኋል? ከጥጉ አጠገብ ቀለሙ አብጦ ተነሥቷል፣ ፑቲውም ከመስታወቱ ተላቆ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት እንደፈጠረ ልብ ብያለሁ። ከዚህ ጋር ግንኙነት ይኖረው እንደሆነ አላውቅም።

መልስ፦ ብረት ሠሪው (አዳማ)

እንደ ዋዛ በመጨረሻ ላይ ስላበጠው ቀለምና ስለተላቀቀው ፑቲ የጻፏት ዓረፍተ ነገር የጥያቄዎ መልስ ናት። በዚህ ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ በርና መስኮት ስሠራ ኖሬአለሁ፤ ሳይነካ በአንድ ጥግ ደጋግሞ የሚሰነጠቅ መስታወት ሲያጋጥመኝ አስቀድሜ የማየው ብረቱን ነው።

ብረት ሲዝግ ያብጣል። ዝገቱ ከተበላው ብረት ቢያንስ እጥፍ ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታ ሲያጣ ደግሞ ያገኘውን ይገፋል። ከፑቲው ሥር፣ ማንም በማያየው ስፍራ፣ ዝገቱ በየወሩ ጥቂት እየወፈረ የመስታወቱን ጠርዝ ይጫነዋል። መስታወት መሐሉ ላይ ሲገፉት ትንሽም ቢሆን ይለመጣል፤ ጠርዙ በአንድ ነጥብ ሲጨነቅ ግን አይችልም። ኳስ የመታው መስታወት ከተመታበት ቦታ እንደ ሸረሪት ድር ይበታተናል እንጂ እርስዎ እንደገለጹት ከጠርዝ ተነሥቶ አንድ መስመር ይዞ አይታጠፍም። ነፋሱን አልንቅም፤ በከተማችን ዳርቻ 51 እና 153 ሜጋዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ነፋስ ቢሆን ኖሮ ሁልጊዜ ያንኑ ጥግ አይመርጥም ነበር። የመሬት መንቀጥቀጡም ቀድሞ የተጨነቀውን መስታወት የመጨረሻዋን ግፊት ሰጥቶት ይሆናል እንጂ ሁለተኛውን አልሰነጠቀም።

ያ ጥግ ለምን ተመረጠ ካሉ፣ ሁለት ብረቶች የተበየዱበት ከመሆኑም በላይ ውኃ የሚጠራቀምበት ስለሆነ ነው። ፑቲው በምዕራብ ፀሐይ ደርቆ ከመስታወቱ ሲላቀቅ፣ ነፋስ የሚነዳው የክረምት ዝናብ በመስታወቱ ላይ ወርዶ በዚያች ክፍተት ይገባና ታች ይተኛል። ብዙዎቻችን የምንሠራው ጥፋት ደግሞ ጉዳዩን ያባብሰዋል፦ በተለምዶ ብረት ሠሪው ፍሬሙን ያስረክባል፣ መስታወት ገጣሚው መስታወቱን ይገጥማል፣ ቀለም ቀቢው የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት መስታወቱ የሚቀመጥበት የብረቱ ጎድጓዳ ጠርዝ አንድ ጠብታ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) እንኳ ሳይነካው ለዘለዓለም ይሸፈናል። ይህን ስል የራሴንም የጥንት ሥራ ጨምሬ ነው።

ስለዚህ 6 ሚሊሜትር መስታወት መፍትሔ አይሆንም። 4 ሚሊሜትር መስታወት በካሬ 10 ኪሎ፣ 6 ሚሊሜትሩ 15 ኪሎ ይመዝናል፤ ትርፉ ክብደት በሃያ ዘጠኝ ዓመት ማጠፊያ ላይ ይንጠለጠላል፣ ለፑቲ የሚተርፈውም ቦታ ይጠባል፣ ዝገቱ ግን እንዳለ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የተሰነጠቀውን መስታወት በሁለቱም ፊት ፕላስተር አመሳቅለው ይለጥፉበት፤ ሲነቃቀል ቁርጥራጩ እንዳይዘንብ ያደርጋል። ወፍራም ጓንት፣ መነጽርና የተሸፈነ ጫማ ግዴታ ናቸው። ፑቲውን በአሮጌ ቢላዋና በቀላል መዶሻ ከላይ ጀምረው ያንሡ፤ ፑቲው ውስጥ መስታወቱን የያዙ ትናንሽ ሽቦዎች ወይም ሚስማሮች ሊኖሩ ስለሚችሉ ሳያወጡ አይጎትቱ። ከዚያ ጎድጓዳውን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ነጩ ብረት እስኪታይ ድረስ ይፈግፍጉት። በግራይንደር ለመሥራት ካሰቡ ወይም ብየዳ ካለ፣ ደህና የሆኑትን የአጠገብ መስታወቶች በእርጥብ ብርድ ልብስ ይሸፍኑ። የብረት ፍንጣሪ መስታወት ላይ ሲያርፍ ቀልጦ ይሰምጣል፤ ጥፍር ሲያሳልፉበት የሚቆረቁር ቡናማ ነጥብ ይተዋል፣ እሱንም የሚያስለቅቅ ነገር የለም።

የጸዳውን ብረት አቧራውን አኳራጂያ በተባለው የቀለም ማቅጠኛ በራሰ ጨርቅ ጠርገው በዚያው ቀን አንቲረስት ይቀቡት። ብየዳው ላይ በትንሽ ብሩሽ እየጠቀጠቁ ሁለተኛ ይድገሙት። ሲደርቅ ስስ የፑቲ ፍራሽ ያንጥፉ፣ ከታች በሁለት ቦታ ትናንሽ የጎማ ቁራጮች ያስቀምጡ፣ መስታወቱ በጎማው ላይ ይረፍ፤ የትም ቦታ ብረት መንካት የለበትም። ለዚህም ሲባል መስታወቱ ከጎድጓዳው በርዝመትም በወርድም 3 ሚሊሜትር ያህል ያንሳል። በውጭ በኩል ፑቲውን ውኃ እንዲያንሸራትት ሰያፍ አድርገው ይጨርሱት።

መልስ፦ ከሐይቁ ዳር (ሐዋሳ)

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው ስለ ሲልከኑና ስለ ቀለሙ ነው፤ የቤቴን አሥራ አንድ መስኮቶች በራሴ እጅ ስለቀባሁ በስሕተት የተማርኩት ብዙ ነው።

ሲልከን ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ሲከፈት ኃይለኛ የኮምጣጤ ሽታ የሚሰጠው ዓይነት ሲደርቅ አሲድ ስለሚያወጣ ያልተቀባ ብረትን ያዝጋል፤ እርስዎ ከምትሸሹት ችግር ውስጥ መልሶ ይከትዎታል። ለብረት የሚሆነው የማይሸተው፣ ኒውትራል የሚባለው ነው። ከዚህም ሌላ ቀለም በሲልከን ላይ አይዝም፤ የቀቡት እንደ ቆዳ ተገፎ ይነሣል። ወደፊት መስታወት ለመቀየርም ፑቲን መቀርቀር ሲልከንን ከመግፈፍ ይቀላል። ስለዚህ ቀለም ለሚቀባ የኤል ቲ ዜድ መስኮት ፑቲን እመርጣለሁ።

ፑቲ ሲባል የተልባ ዘይትና የጠመኔ ዱቄት ልውስ ነው። ዘይቱ የሚደርቀው ከአየር ጋር ቀስ በቀስ ስለሆነ፣ ላዩ ቆዳ ሳያበጅ ቢቀቡት ቀለሙ ይሸበሸባል። ቀለም ቀቢዎች በማግሥቱ ለመቅባት ይቸኩላሉ፤ እኔም ተስማምቼ ሦስት መስኮት ተበላሽቶብኛል። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይታገሡ፣ በጣት ነክተው አሻራ የማይቀር ሲሆን ይጀምሩ። ከጠበቁ በኋላ ግን ጭራሽ ሳይቀቡ አይተዉት፤ ያልተቀባ ፑቲ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። የመጨረሻው ቀለም ከፑቲው አልፎ መስታወቱን 2 ሚሊሜትር ያህል እንዲረግጥ ያድርጉ። ብዙ ሰው ይህችን ቀጭን መስመር ቆሻሻ መስላው በምላጭ ይፍቃታል፤ ውኃውን የምታግደው ግን እሷ ናት።

አሮጌውን ቀለም ስለ ማንሣት አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚገኘውን ሊድ የተባለ የእርሳስ ማዕድን ከሚሊዮን 90 ክፍል እንዳይበልጥ የሚገድበው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በ1989 ዓ.ም የተቀባ መስኮት ከዚያ በፊት የተቀባ በመሆኑ ሊድ እንዳለበት ቆጥረው ይሥሩ። በደረቁ አይፈግፍጉ፤ ውኃ የሚችለውን የብርጭቆ ወረቀት እያራሱ ይጠቀሙ፣ ጭምብል ያድርጉ፣ ከታች ላስቲክ አንጥፈው ፍርፋሪውን ይሰብስቡ፣ ሕፃናትም ሥራው ተጠናቆ ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ እስኪጠረግ ድረስ አይጠጉ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ የምዕራቡን መስኮት በጠዋት፣ የምሥራቁን ከሰዓት በኋላ ይቅቡ። ፀሐይ ባጋለው ብረት ላይ ሲንተቲክ ቀለም ላዩ ብቻ ቶሎ ደርቆ ይኮማተራል። የሚከፈተውን ክንፍ ጠርዝ ከሁሉ አስቀድመው ይቅቡት፣ ማታ ሊዘጋ ስለሆነ ረጅም የመድረቂያ ጊዜ የሚያስፈልገው እሱ ነው። እኛ ጋ የሐይቁ ትንኝ አመሻሽ ላይ በእርጥብ ቀለም ላይ እየተለጠፈ አስቸግሮኛል፤ እናንተ ጋ ደግሞ የነፋሱ አቧራ ስላለ፣ ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ መጨረስ የሚሻል ይመስለኛል።

መልስ፦ አሉሚኒየም ይሻላል (አዳማ)

ይህ ሁሉ ድካም ለሃያ ዘጠኝ ዓመት ብረት የሚገባው አይመስለኝም። አሉሚኒየም እንደዚያ አይዝግም፣ መስታወቱም በጎማ ስለሚያዝ ሲቀየር መዶሻ አያስፈልገውም።

መልስ፦ ብረት ሠሪው (አዳማ)

ለአዲስ ቤት ቢሆን አልከራከርዎትም። እዚህ ግን ከስምንት መስኮት የታመመው አንድ ጥግ ነው። የብረቱ ፍሬም በግንቡ ውስጥ በሲሚንቶ ስለታሠረ ሲነቀል የውስጡም የውጩም ልስን አብሮ ይወርዳል፤ ከዚያ ልስን፣ ስቱኮ፣ የግድግዳ ቀለም ይከተላል። ሌባ መከላከያ ፍርግርጉም በአብዛኛው ከዚሁ ፍሬም ጋር የተበየደ ነው። ብረቱ በዝገት ተበልቶ ቢላዋ የሚያሳልፍ ከሆነ ያን ጊዜ እንነጋገር።

የደንበላ ነዋሪ (አዳማ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ዕለት ከወንድሜ ጋር ሆነን መስታወቱን አወጣነው። ጋሼ ብረት ሠሪው እንዳሉት ነው፤ ጥጉ ላይ ፑቲው ሲነሣ ዝገቱ እንደ ቅጠል ተደራርቦ፣ የሁለት ባለ አንድ ብር ሳንቲሞች ያህል ወፍሮ ተገኘ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀበት ነጥብም በትክክል ከእሱ ፊት ለፊት ነው። ፈግፍገን ስናበቃ ብረቱ ጠንካራ ነው፣ ቢላዋ አላሳለፈም። አንቲረስቱንም ሁለት ጊዜ ቀብተናል።

አሁን ልኬቱ ላይ ተቸግሬአለሁ። ጎድጓዳውን ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ስለካው አንደኛው ከሌላው በ5 ሚሊሜትር ይበልጣል። ለመስታወት ቆራጩ የትኛውን ልስጠው?

መልስ፦ ብረት ሠሪው (አዳማ)

ሰያፉን አይስጡት። ፍሬሙ ትንሽ ተጣሟል ማለት ነው፤ ብዙ አሮጌ መስኮት እንደዚያ ነው። ወርዱን ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ ቁመቱንም እንዲሁ በሦስት ቦታ ይለኩና ከየሦስቱ ትንሹን ይውሰዱ፤ ከእሱ ላይ 3 ሚሊሜትሩን ይቀንሱ። ከዚያ በዚያ ልክ ካርቶን ቆርጠው ጎድጓዳው ውስጥ ያስገቡት። ካርቶኑ በአራቱም ጥግ ሳይጨናነቅ ከገባ ለቆራጩ ካርቶኑን ራሱን ይውሰዱለት፤ አንዱ ጥግ ከነካ በነካበት በኩል ይከርክሙት። ጠርዙን በሞረድ እንዲያለሰልስልዎ ይጠይቁት፣ ሻካራ ጠርዝ የስንጥቅ መነሻ ነው።

በባጃጅ የሚያመጡት ከሆነ መስታወቱ አይጋደም፤ በጠርዙ ቆሞ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ሰው ከኋላ ተቀምጦ ይያዘው። ከተገጠመም በኋላ የመጀመሪያው ነፋስ ያለበት ዝናብ ሲጥል ያንን ጥግ በውስጥ በኩል በደረቅ ጋዜጣ ጠቅ ጠቅ አድርገው ይዩት፤ ጋዜጣው ከራሰ ፎቶውን እዚሁ ይለጥፉልኝ።