የእርሾ ጥንድ ስረዛ ቅኝት፦ ጂ-418 ያለበት ሳህን ላይ ሁሉም በቀለ

ጥንስስ (አራት ኪሎ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጂኑ (መነሻ ጂኑ) ተሰርዞ ክሎንናት የተባለውን መድኃኒት በሚያስቋቁም ጂን የተተካ እርሾ ከስረዛ ስብስቡ ጋር (እያንዳንዱ እርሾ አንድ ሌላ ጂኑ ተሰርዞ ጂ-418 የተባለውን መድኃኒት በሚያስቋቁም ጂን የተተካበት ስብስብ ነው) እያዳቀልን፣ ሁለቱ ስረዛዎች ሲገናኙ የሚሞተውን ጥንድ እየፈለግን ነው። የምናትመው ባለ384 መርፌ ማባዣ ይዘን በእጅ ነው። የተዳቀለው ስፖር ካፈራ በኋላ ሃፕሎይዶቹን (አንድ የክሮሞሶም ስብስብ ብቻ ያላቸውን) የምንመርጥበት ሳህን ላይ ጂ-418 ስንጨምር መቋቋሚያው የሌለው ማነጻጸሪያ እንኳ በቀለ። መጠኑ 200 ማይክሮግራም በሚሊሊትር ነው፤ ያው ጠርሙስ ዋይፒዲ (የተለመደው የእርሾ ምግብ) ላይ በደንብ ይገድላል። ደግሞ «ሞቱ» ያልናቸው ብዙዎቹ ጂኖች አንድ ክሮሞሶም ላይ ጎን ለጎን የተደረደሩ ናቸው። ምን ትላላችሁ?

ዋቢ፦
መድኃኒቱ ደህና ነው፤ የናይትሮጅን ምንጭዎን ይዩ። አሞኒየም ሰልፌት ባለበት ምግብ ላይ ጂ-418ም ክሎንናትም አይሠሩም። ለአንድ ሊትር፦ አሞኒየም ሰልፌት የሌለበት ናይትሮጅን ቤዝ 1.7 ግራም፣ ሞኖሶዲየም ግሉታሜት 1 ግራም፣ ሂስቲዲን፣ አርጊኒንና ላይሲን የጎደለው የአሚኖ አሲድ ዱቄት 2 ግራም፣ ግሉኮስና አጋር 20፣ 20 ግራም። ካናቫኒንና ታያላይሲን (ዲፕሎይዱን የሚገድሉ የአርጊኒንና የላይሲን አምሳያዎች) እያንዳንዳቸው 50፣ ክሎንናት 100 ማይክሮግራም በሚሊሊትር፤ ሁሉም አጋሩ ለእጅ ለብ ሲል ነው የሚገቡት። አርጊኒን በስህተት ከገባ ከካናቫኒኑ ጋር ይሻማል፣ ያኔ ዲፕሎይዱ (ሁለት የክሮሞሶም ስብስብ ያለው፣ ስፖር ያላፈራው) ሳይሞት ያልፍና ውጤቱን ሁሉ ያበላሸዋል።

ሰንበሌጥ፦
የተደረደሩት ጂኖች አልሞቱም። ከመነሻ ጂንዎ አጠገብ ያለ ጂን አብሮት ስለሚወረስ ሁለቱንም ስረዛ የያዘ ስፖር ብርቅ ነው፤ ኮሎኒው የሚያንሰው ለዚህ ነው። ግራና ቀኝ 200 ኪሎቤዝ ገደማ ከዝርዝሩ ያውጡ። ካናቫኒኑንና ታያላይሲኑን እንዲቋቋም ከመነሻው እርሾ በተሰረዙት በካን1 ዙሪያ ክሮሞሶም 5 ላይ፣ በሊፕ1 ዙሪያ ክሮሞሶም 14 ላይም እንዲሁ። ኮሎኒዎቹ ተከታትለው የሚያንሱበት ይህ ሸለቆ ግን ትልቅ ጥቅም አለው፦ መነሻ ጂንዎ ባለበት ቦታ ላይ በትክክል ከታየ፣ የያዙት እርሾ የታሰበው እርሾ ነው ማለት ነው። ካልታየ ሌላውን ሁሉ ትተው መጀመሪያ በፒሲአር (በዲኤንኤ ምርመራ) ያረጋግጡ።

ስሌት ላይ ደግሞ የሁለቱን ነጠላ ስረዛዎች እድገት እርስ በርስ ያባዙ። ያልተሰረዘበት እርሾ 1 ቢባል፣ አንዱ 0.8 ሌላው 0.7 ቢያድግ ከጥንዱ የሚጠበቀው 0.56 ነው፤ 0.55 ቢመጣ መስተጋብር አይባልም።

ጋን፦
ሁለት የአዲስ አበባ ጉዳይ ልጨምር። ስፖር ማፍራቱ 22 ዲግሪ ላይ 5 ቀን ይፈልጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ክፍሉ በጣም ስለሚቀዘቅዝ ጠረጴዛ ላይ አይተዉት፤ ይዘገያል፣ ስፖሩም ያንሳል። ሁለተኛው ኦቶክሌቩ ነው። ጌጁ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ስለሆነ፣ በእኛ ከፍታ 1 ባር ላይ ውስጡ 121 ሳይሆን 116 ዲግሪ ገደማ ነው። የዕቃው አቅም ከፈቀደ ወደ 1.3 ባር ያድርሱት፤ አለዚያ 5 ቀን የሚቆይ ሳህን ላይ ባክቴሪያ ይቀድማችኋል። የዳር ረድፎቹንም በማነጻጸሪያ እርሾ ሙሏቸው፤ ዳር ያለ ኮሎኒ ጎረቤት ስለሌለው ምግብ ተርፎት ይገዝፋል።

ጥንስስ፦
የናይትሮጅን ቤዙን ብልቃጥ አየሁት፤ አሞኒየም ሰልፌት አለበት። ከማዳቀሉ እንጀምር?

ዋቢ፦
አያስፈልግም። ጂ-418 ያልገባበት የሃፕሎይድ ሳህን በአሞኒየም ሰልፌትም ቢሠራ ደህና ነው፤ ከእሱ በግሉታሜት ወደተሠራው አዲስ ሳህን ያትሙ። እሱ ከደረቀባችሁ 4 ዲግሪ ላይ ካስቀመጣችሁት የስፖር ሳህን ተነሱ፣ ስታትሙም ጫን አድርጉ፤ ይህ የእርሾ ዘር ስፖሩ ጥቂት ነው።